የሎሚ ጠባሳ ያረፈበት እብነበረድ

ደሴ ያለው ቤታችን ኩሽና ውስጥ ነጭ እብነበረድ ካስገጠምን ወር ሳይሞላው ደብዛዛ ክቦች ወጡበት። እናቴ በሳሙና ብትፈትገው፣ ብትፈትገው ወይ ፍንክች! ለካ ቆሻሻ አልነበረም። እብነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የሎሚና የአቼቶ አሲድ ገጹን ይበላዋል።

በውሃ እያራስኩ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። መጀመሪያ ሻካራውን 400 ቁጥር፣ ቀጥሎ 800፣ 1500፣ መጨረሻ ላይ በጣም ልስልሱን 3000። አንዱ የተወው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። እኔ ቸኩዬ አንዱን ጥግ እንደገና ከ400 ጀምሬዋለሁ። አሁን እጅ ሲያልፍበት ልስልስ ይላል፤ ደስ ሲል!

የድንጋዩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚደፍን ማሸጊያ ፈሳሽም ቀባሁት። እሱ ዘይትና ቡና እንዳይሰርግ ያግዛል እንጂ ሎሚን አይመልስም። ስለዚህ ሎሚ የሚቆረጠው መክተፊያ ላይ ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ቤት የምትሠራው እህቴን ግራናይት ይሻልሻል ብያታለሁ። ቁራጭ ናሙና ላይ ሎሚ ጠብ አድርጋ ትንሽ ትጠብቅ፤ ከደበዘዘ አትግዛው።