በአማርኛ ጆሮ ሂራጋና ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሂራጋና የሚባለው የጃፓንኛ ጽሕፈት 46 መሠረታዊ ፊደላት ብቻ ናቸው። 231 ፊደል ከነቤቱ ለቆጠረ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል፤ ደግሞም ነው። እንደ እኛው ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይመጣል፣ ግሱም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ጀማሪው የሚወድቀው የእኛ ፊደል ደብቆ የሚያልፈውን ነገር ጃፓንኛ ሲጽፈው ነው።

በሂራጋናው አናት ላይ ንባቡን በአማርኛ መጻፍ የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ስንት ጊዜ ቢነገር የማይለቅ ልማድ! አማርኛው እዚያ እስካለ ድረስ ዓይን ወደ ሂራጋናው አይወርድም፤ ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት ጃፓንኛ ያነበበ ይመስለዋል እንጂ እያነበበ ያለው አማርኛ ነው። አማርኛው ልክ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። አክስት «ኦባሳን» ናት፤ አያት ግን «ባ» ተስቦ «ኦባአሳን» ናት። ደብተሩ ላይ ሁለቱም «ኦባሳን» ተብለው ይሰፍራሉ፣ አክስትየዋም ሳታስበው አያት ትሆናለች። «ዩኪ» በረዶ ነው፣ «ዩኡኪ» ድፍረት። አማርኛ አናባቢ በመሳብ ትርጉም ስለማይለይ ጆሯችን ልዩነቱን ይጥለዋል። መድኃኒቱ በጣት ጠረጴዛ እየመቱ መቁጠር ነው፦ ኦ-ባ-ሳ-ን አራት ምት፣ ኦ-ባ-አ-ሳ-ን አምስት። መጨረሻ ላይ ያለው «ን»ም ራሱን የቻለ ምት መሆኑን ልብ ይበሉ።

የተሳበ «ኦ» ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው «ኡ» ተጨምሮበት ነው። ቶኪዮ በሂራጋና ሲጻፍ ሁለት ቦታ «ኡ» አለበት፣ ሲነበብ ግን «ኡ» የሚባል ድምፅ አይሰማም፤ «ኦ» ብቻ ይረዝማል። እንደ «ኦኦኪኢ» (ትልቅ) እና «ኮኦሪ» (የሚጠጣ ነገር ውስጥ የሚገባው በረዶ) ያሉ ጥቂት ቃላት ግን በ«ኦ» ይጻፋሉ፤ እነሱን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም።

ጃፓንኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የለውም። እኛ ሱናሚ የምንለው ቃል የሚጀምረው «ት»ንና «ሱ»ን ባጣበቀ ድምፅ ነው፤ «ጹናሚ» ብሎ ማፈንዳት አያስፈልግም። የዐረፍተ ነገር መዝጊያዎቹ «ዴሱ» እና «ማሱ» ደግሞ በተለመደው ንግግር «ዴስ»፣ «ማስ» ሆነው ይሰማሉ።

መጥበቅና መላላት ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ከብዙዎች ይቀድማል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» መሆኑን ማንም አላስተማረውም። «ኪቴ»ም እንደዚሁ ነው፦ ሲላላ «ና»፣ ሲጠብቅ ቴምብር። ሆኖም እኛ መጥበቅን ጽፈን ስለማናውቅ እጃችን ይረሳዋል። ጃፓኖች ከሚጠብቀው ድምፅ በፊት «ትሱ» የተባለውን ፊደል በትንሹ ይጽፋሉ። በሙሉ መጠን ከተጻፈ ሌላ ቃል ይሆናል፤ ከተተወም እንዲሁ።

በትንሹ የሚጻፉት «ያ»፣ «ዩ»፣ «ዮ»ም መጠናቸው ቀልድ አይደለም። «ብዮኡይን» ሆስፒታል ነው፣ «ቢዮኡይን» የውበት ሳሎን። የታመመ ሰው ይዘው ሲሮጡ ልዩነቱ ይገባል።

«ኮንኒቺዋ»ን (ሰላምታ) በ«ዋ» ፊደል መጻፍ ሌላው ስህተት ነው። መጨረሻው የሚጻፈው በ«ሃ» ነው፤ ምክንያቱም ያ «ዋ» የቃሉ ቁራጭ ሳይሆን ርእስ አመልካች ነው፤ ማለትም ስለ ምን እንደሚወራ የሚያሳይ። በ1946 የጃፓንኛ አጻጻፍ ወደ አነጋገሩ እንዲቀርብ ሲስተካከል ሦስት አመልካቾች በአሮጌው መልካቸው ቀሩ፦ «ሃ» ተጽፎ «ዋ»፣ «ሄ» ተጽፎ «ኤ»፣ «ዎ» ተጽፎ «ኦ» ይነበባል። እኛ «ሰ»ን በ«ሠ» ቦታ ብንጽፍ አንባቢ ያልፈናል፤ እነሱ ግን ይህን አያልፉም።

በቅርጽ ደግሞ ከ«ለ» ወደ «ሉ» የሚያደርስ ቅጥያ አይፈልጉ፤ «ካ» እና «ኪ» ዝምድና የላቸውም። ዝምድና ያለው ሁለት ትንንሽ ጭረት ሲጨመር ነው፦ «ካ» «ጋ»፣ «ሳ» «ዛ»፣ «ታ» «ዳ»፣ «ሃ» ደግሞ «ባ» ይሆናል። «ኔ»፣ «ሬ» እና «ዋ» ግራ ጎናቸው አንድ ስለሆነ ጅራታቸውን ይዩ፦ «ኔ» ይቋጠራል፣ «ሬ» ወደ ውጭ ይሸሻል፣ «ዋ» ወደ ውስጥ ይታጠፋል። «ኑ» ቋጠሮ አለው፣ «ሜ» የለውም፤ «ሩ» አለው፣ «ሮ» የለውም። «ኪ»ን ከኮምፒውተር ፊደል አይቶ መቅዳትም ያሳስታል፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ተያይዞ የሚታየው የታችኛው መስመር በእጅ ጽሕፈት ተለያይቶ በአራት ጭረት ይጻፋል።

ወደ ዐረፍተ ነገር ሲገባ ዋናው ጥፋት በእንግሊዝኛ ዞሮ መምጣት ነው። «እኔ ዳቦ እበላለሁ» ቃል በቃል «ዋታሺ ዋ ፓን ኦ ታቤማስ» ነው። «ኦ» የእኛ «ን» ነው፣ «ሞ» የእኛ «ም»፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ካ» ደግሞ የእኛ «ወይ»። ታዲያ ይህን ሁሉ ትቶ ግሱን መሃል መሰንቀር ምን ይሉታል?

«ታቤማስ» ለእኔም ለአንተም ለእሷም አንድ ስለሆነ ጀማሪው ፈርቶ በየዐረፍተ ነገሩ «ዋታሺ ዋ» ይላል። አንዴ ከተባለ ይበቃል። «አናታ» (አንተ) ደግሞ ለማያውቁት ሰው ወይም ለአለቃ ሻካራ ነው፤ ስሙን ጠርተው የአክብሮት ቅጥያውን «ሳን» ይጨምሩበት። ለራስ ስም «ሳን» አይጨመርም።

አማርኛ ለሰውም ለወንበርም «አለ» ይላል። ጃፓንኛ ለሰውና ለእንስሳ «ኢማስ»፣ ለዕቃ «አሪማስ» ይላል። የእኛ «በ»ም ለሁለት ይከፈላል፦ ያሉበት ቦታ «ኒ»፣ ሥራ የሚሠሩበት ቦታ «ዴ»። ቶኪዮ መኖር «ኒ» ነው፣ ቶኪዮ ውስጥ መብላት «ዴ»።

«ውድ ነበር» ለማለት «ታካይ ዴሽታ» አይባልም። የሚለወጠው ቅጽሉ ራሱ ነው፦ «ታካካታ ዴስ»፣ የመጨረሻው «ታ» ጠብቆ፤ ሲጽፉት ትንሿን «ትሱ» ጨምረው።