ዓይናችሁ ሲቆረቁራችሁና ሲያቃጥላችሁ፦ የዓይን ድርቀትን እንዴት መያዝ ይቻላል

ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ስትቆዩ ዓይናችሁ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል፣ ፊደሉ ብዥ ይልና ስታርገበግቡ መልሶ ይጠራል፣ ንፋስ ሲነካችሁ ደግሞ እንባ ይወርዳል። ይሄ ባብዛኛው የዓይን ድርቀት ነው። "እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት ደረቀ ትሉኛላችሁ?" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ሐኪሟ ስታስረዳኝ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ከስር ዓይን ላይ የሚይዘው ንፍጥ መሰል ነገር አለ፣ መሃል ላይ ውሃው፣ ከላይ ደግሞ ስስ ዘይት አለ። ዘይቱ ካነሰ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ዓይን ይቆጣል፣ ሲቆጣ ደግሞ ሽንኩርት ስንከትፍ የሚመጣውን እንባ ይለቃል፣ እሱ ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይኑ ላይ አይቆይም። ብዙ ሰው ላይ ችግሩ የዘይቱ ነው፣ ይሄን ካወቃችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ይገባችኋል።

1. መጀመሪያ ድርቀት መሆኑን አጣሩ። ኃይለኛ ህመም ካለ፣ ማየት ከቀነሰ፣ ብርሃን ካስቸገራችሁ፣ መግል ካለው፣ ወይ ኮንታክት ሌንስ አድርጋችሁ ዓይናችሁ ከቀላ ይሄን ጽሑፍ ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሌላው ከገጠር የመጡ እናትና አባት ናቸው፣ ዓይኔን ቆረቆረኝ ሲሉ ጠብታ ለመግዛት አትሩጡ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጡና ሽፋሽፍታቸውን እዩ። ትራኮማ ያጠቃው የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል፣ ስሜቱ ከድርቀት ጋር አንድ ነው ግን መፍትሄው ቀላል ቀዶ ጥገና ነው። ፀጉሩን መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ተመልሶ ይበቅላል።

2. ንፋሱንና ጭሱን አርቁ። የኤሲና የፋን አፍ ፊታችሁ ላይ አይሁን፣ በተለይ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ የመኪናውን ኤሲ ወደ እግር አዙሩት። ከሰልና ዕጣን ሲጨስ መስኮት ክፈቱ።

3. አርገብግቡ። ሰው በደንበኛው ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ አካባቢ ያርገበግባል፣ ስክሪን ላይ ሲፈዝ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ያውም ሙሉ በሙሉ አይጨፍንም። በየ20 ደቂቃው ራቅ ወዳለ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ፣ እግረ መንገዳችሁን ዓይናችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨፍኑና ክፈቱ። ስክሪኑን ከዓይናችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ወደ ታች ስታዩ ቆቡ ብዙውን ይሸፍነዋል።

4. ሙቅ ፎጣ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው "ሞክሬው ምንም አልሠራም" የሚለውም እዚህ ጋ ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ የታችኛውን ቆብ በቀስታ ገለጥ አድርጉ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ ጠርዙ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈው ታያላችሁ። ዘይቱ የሚወጣው ከነሱ ነው። ሲደፈኑ ዘይቱ እንደ ብርድ የመታው ቅቤ ይረጋል፣ የሚያላቅቀው ሙቀት ነው፣ ያውም የሚቆይ ሙቀት። ችግሩ ግን አንድ ፎጣ ነክሮ ዓይን ላይ ጣል ማድረግ ነው፣ ፎጣው በ2 ደቂቃ ይበርዳል፣ ከዛ በኋላ የቀረው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ንጹህ ፎጣዎች ያዙ፣ ሙቅ ውሃ ፔርሙስ ውስጥ አስቀምጡ (መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ጠዋት አፍልታችሁ ካስቀመጣችሁ ማታም ያገለግላችኋል)፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቀዝቃዛ ጨምራችሁ አመጣጥኑት። የሚፈለገው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ፎጣውን ጨምቃችሁ የእጃችሁ አንጓ የውስጡ ቆዳ ላይ አሳርፉት፣ ሞቆ ደስ ካለ ልክ ነው፣ እጃችሁን ካሸሻችሁ ለዓይን አይሆንም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን አድርጉ፣ በረድ ሲል በሌላው ቀይሩ፣ እንዲህ እየተቀያየረ እስከ 10 ደቂቃ። ማይክሮዌቭ ያላችሁ የሚሞቀውን የዓይን ማስክ ግዙ፣ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም።

ወዲያው ሳይበርድ ወደ ማሸቱ ግቡ። እጃችሁን ታጠቡና የላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ሽፋሽፍቱ፣ የታችኛውን ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ በጣት ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡት። ብሌኑን አትጫኑ። ከዛ በኋላ ትንሽ ብዥ ቢል አትደንግጡ፣ ዘይቱ ወጥቶ ነው። ጠዋትና ማታ ለጥቂት ሳምንታት ሳታቋርጡ ሥሩት፣ በሦስተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

5. ጠርዙን አጽዱ፣ ኩል ደግሞ ከሽፋሽፍቱ ውጪ ይሁን። የውስጡን መስመር ስትኳሉ የምትደፍኑት እነዛኑ ቀዳዳዎች ነው። ማታ ሳታጸዱ አትተኙ።

6. ጠብታ። ሰው ሠራሽ እንባ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፣ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይ ሶዲየም ሃያሉሮኔት የሚል ጥሩ ነው። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ፕሪዘርቫቲቭ የሌለውን ምረጡ፣ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው ማቆያ ሲበዛ ራሱ ዓይን ይቆጣበታል። አንድ ጠብታ በቂ ነው፣ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት አይንካ። ቀይ ዓይን የሚያነጣው ጠብታ ደግሞ የደም ሥሩን ያጠበዋል እንጂ ድርቀቱን አይነካውም፣ ስታቆሙት መቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ቲቲሲ የሚባለው የዓይን ቅባትም ለኢንፌክሽን ነው፣ ለድርቀት አይደለም።

አደራ የምላችሁ ግን ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ነው፣ የዓይን መቆጣትን ቶሎ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ዘመዴ አንድ ፋርማሲ "ለሚቆረቁር ዓይን አሪፍ ነው" ብለው የሰጡትን ጠብታ ሲያልቅበት እየገዛ ለወራት ተጠቀመ፣ ሲመረመር የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን የሚል ካያችሁ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትንኩት፣ ወዲያው ያሳርፋል፣ ለዚህ ነው የሚያታልለው። ውስጥ ውስጡን ግን ግላኮማ (የዓይን ነርቭ የሚጎዳበት በሽታ) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል፣ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም።

በዚህ ሁሉ ካልተሻላችሁ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለ5 ደቂቃ ቀጭን ወረቀት የታችኛው ቆብ ላይ አድርገው የእንባውን መጠን ይለካሉ፣ አያምም። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሯቸው፣ የአለርጂ ኪኒንና ለድብርት ወይ ለነርቭ ህመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ዓይን ያደርቃሉ። አፋችሁም ደርቆ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ መዋጥ ካቃታችሁ፣ ወይ መገጣጠሚያ ካመማችሁ እሱንም ሳትደብቁ ተናገሩ፣ የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ድርቀት ሊሆን ይችላል።