ለብሎጋችሁ ስም ስታወጡ

መጀመሪያ ስሙን ለጓደኛ በስልክ ንገሩትና ጻፈው በሉት፣ «አይ በኪው ነው፣ መሀሉ ላይ ሰረዝ አለው» ማለት ከጀመራችሁ በቃ አልሆነም። በተለይ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ መከራ ነው፣ «ቀለም»ን አንዱ በኪው አንዱ በኬ ይጽፈዋል፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ብሎጌን ስም እንደዛ አውጥቼ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ እየገባ «የለም እኮ» ይለኝ ነበር። ዶሜይን (የብሎጉ የኢንተርኔት አድራሻ) ከነጥቡ በፊት እስከ 63 ፊደል ይፈቅዳል ግን ማን ይጽፈዋል፣ ሁለት አጭር ቃል ይበቃል።

ደሞ አንድ ርዕስ ላይ አትቸንከሩ፣ ዛሬ «የሩጫ ማስታወሻ» ብላችሁት ነገ ስለ መጽሐፍ መጻፍ ሲያምራችሁ ስሙ ያስራችኋል። ዓመተ ምህረትም አትጨምሩበት፣ ቶሎ ያረጃል። የራሳችሁ ስም አሪፍ ነው፣ ካልተያዘ። ጎግል ላይ ፈልጉት፣ ዶሜይኑን ቼክ አድርጉ፣ ከዛ ሁለት ሶስት ቀን አሳድሩትና ካልሰለቻችሁ ያዙት።