ዘበኛው ስም አለው ወይ? ሚና ከመቀበላችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው የምኖረው። በክራንች ስለምሄድ ደረጃ ይከብደኛል። ትወና ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዘጠኝ ዓመት ስድስት ጊዜ የኔ ቢጤ ሆኜ ተጫውቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ከላይ ፎቅ የጎረቤቴ ልጅ ስክሪፕት ይዞ መጣ። ያደገው ጨንቻ ነው። አማርኛው ውስጥ የአገሩ ቃና አለ። «እትዬ፣ ኦዲሽኑን አለፍኩ!» አለኝ። የተሰጠው የዘበኛ ሚና ነው። ቡና አፍልቼ አብረን አነበብነው። እንዲህ ዓይነት ሚና ለሚደርሳችሁ ሁሉ፣ ያደረግነውን በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስም ፈልጉ። የእሱ «ዘበኛው» ብቻ ነው የሚለው። የግቢው ውሻ ግን ስም ተሰጥቶታል። ስም የሌለው ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ታሪክም የለውም።

ከዚያ ንግግራችሁን በእስክሪብቶ አስምሩበት። እሱ አሥራ አንድ ቦታ ይናገራል። ዘጠኙ «እሺ ጋሼ» እና «መጡ» ናቸው። ሁለቱ ላይ ጸሐፊው ቃሉን ሆን ብሎ አጣሞ ጽፎታል። ጎኑ ላይ «ሁሉም ይስቃሉ» ይላል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሳቁ ከየት ነው የሚመጣው? ሰውዬው ካደረገው ነገር ከሆነ ጥሩ። ከቃናው ብቻ ከሆነ ግን የሚሳቀው በእናንተና በእናታችሁ ቋንቋ ነው።

አሁን ቃናውን አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት። ምን ቀረ? እኔም የድሮ ሚናዎቼን ያለ ክራንቼ አስቤያቸዋለሁ። ከስድስቱ አምስቱ ላይ ምንም አልቀረም።

ዘበኛ መሆኑ አይደለም ችግሩ። አባቴ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ሃያ ዓመት ዘበኛ ነበር። የሰፈሩን ዕቁብ የሚጽፈው እሱ ነው። ሌሊት በባትሪ ብርሃን የእኔን የቤት ሥራ ያርም ነበር። እንዲህ ያለ ዘበኛ ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም። ባርካድ አብዲን ተመልከቱ። ሚኒያፖሊስ ሊሞዚን ይነዳ የነበረ ሶማሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ካፒቴን ፊሊፕስ» ላይ የባሕር ወንበዴ ሆኖ ተጫወተ። ሆሊውድ ሶማሌ ሲባል ቶሎ የሚታየው ያው ነው። ግን ወንበዴው ስም፣ ፍላጎትና ፍርሃት ነበረው። ባርካድም ለኦስካር ታጨ።

ስለዚህ ዳይሬክተሩ ጋ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሂዱ። «ስም ይኑረው፣ ዕቁብ ጸሐፊ ይሁን፣ ይቺን ሲን እንዲህ ብናደርጋትስ?» በሉት። ቀረጻው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ይሁን። በቀረጻው ቀን ካሜራው በኪራይ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል፣ ማንም አይሰማችሁም። ደግሞ ለብቻው አነጋግሩት። ሰው ፊት ከሆነ እልህ ይይዘዋል።

እምቢ የሚባልም አለ። አንዴ መጨረሻው ላይ ጸበል ተጠምቄ፣ ክራንቼን ወርውሬ እንድሮጥ ተጠየቅኩ። በጸበል አምናለሁ። ግን ያቺ ሴት ከመዳኗ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር፣ ማንን ትወድ እንደነበር አንድ መስመር አልተጻፈም። ተውኩት። የዚያን ወር ኪራይ ከእህቴ ተበደርኩ።

ለኪራይ ብሎ የሚቀበለውንም አልወቅስም። አሜሪካዊቷ ተዋናይ ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር ስትሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር ነበረች። የተሸለመችውም «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ፊልም፣ በቤት ሠራተኛ ሚና ነው። በዚያች ምሽት ከፊልሙ ነጭ ተዋንያን ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። ነውሩ የእሷ አይደለም።

ልጁ ማክሰኞ ዳይሬክተሩን አነጋገረው። ስም ተፈቀደ፤ የአጎቱን ስም ሰጠው። የዕቁቡ ደብተርም ገባ። ከተጣመሙት ቃላት አንዱ ግን ይቆያል ተባለ። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በሃይገር ይሄዳል። ዛሬ ማታ ያንን ቃል እንለማመዳለን። ለሳቅ ፋታ ሳይሰጥ፣ ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ንግግር እንዲያልፍ።