የቫይረስና የኢሚዩኖሎጂ ተመራማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሙያ ዘመኑን በኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም በሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጥናት፣ እና በቫይረስ ምርምር ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ስህተት፣ ለመለካት የሚቀለውን ነገር ከበሽታ ከሚከላከለው ነገር ጋር ማምታታት ነው። የፀረ እንግዳ አካል መጠን ከጥቂት ደም በአንድ ቀን ይታወቃል፤ መጠኑ ከፍ አለ ማለት ግን ሰውየው ከበሽታው ተጠብቋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሕፃናት ላይ የተሞከረው፣ ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ከተገደለ ቫይረስ የተሠራው የአርኤስቪ (የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ክትባት ለዚህ መራራ ምስክር ነው። ክትባቱ ፀረ እንግዳ አካል አስገኝቷል። ይሁንና በአንደኛው ሙከራ ከተከተቡ በኋላ በቫይረሱ ከተያዙት ሕፃናት 80 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ይህ ክትባት ሳይሰጣቸው ከተያዙት የገቡት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከተከተቡት ሁለቱ ሞቱ። የተገኙት ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱ ላይ ቢጣበቁም ወደ ሕዋስ እንዳይገባ የማገድ ኃይላቸው ደካማ ነበር። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚጠቀምበት ፕሮቲን ከመግባቱ በፊት ያለው ቅርጽ በዝርዝር የታወቀው በ2013 ሲሆን፣ በዚያ ቅርጽ ላይ የተመሠረቱት ክትባቶች ፈቃድ ያገኙት ደግሞ በ2023 ነው።

የቫይረስን ዘረመል አባዝቶ የሚያገኘው የፒሲአር ምርመራም በዚሁ መንገድ ያሳስታል፤ የቫይረሱ ዘረመል ቅሪት በሽተኛው ሌላውን መበከል ካቆመ በኋላም ሊገኝ ይችላል። ደምም ቢሆን ሁሉን አይናገርም፤ አብዛኞቹ ሊምፎሳይቶች (በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ያሉት በሊምፍ ዕጢዎች፣ በአንጀት፣ በሳንባና በመሰሉት ክፍሎች ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ስህተት በራስ ቤተ ሙከራ ላይ ያለ ልክ መተማመን ነው። በ2009 ኤክስኤምአርቪ የተባለ ቫይረስ ከሥር የሰደደ የድካም ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሞ ብዙ ሕመምተኞችን ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በኋላ እንደተረጋገጠው ግን ቫይረሱ የተፈጠረው በ1990ዎቹ የሰው የፕሮስቴት ካንሰር ዕጢ ወደ አይጦች እየተዛወረ ሲያድግ፣ በአይጦቹ ዘረመል ውስጥ የነበሩ ሁለት ቫይረሶች በመዳቀላቸው ነው። በበሽተኞቹ ናሙና ተገኘ የተባለውም ከብክለት የመጣ ነበር፤ ጽሑፉም በ2011 ተሰረዘ። በቤተ ሙከራ የሚራባን የሕዋስ ዝርያ ማንነትና ማይኮፕላዝማ ከተባሉት ሕዋስን ከሚበክሉ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ነፃ መሆኑን በየጊዜው መመርመር አሰልቺ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የሚያሰለቸው ለጥቂት ሰዓታት ነው፣ የተሰረዘ ጽሑፍ ግን ከስም ጋር ይኖራል።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት ወስዶ ያልተጠበቀን ውጤት ሁሉ እንደ ብልሽት መጣልም ሌላ ስህተት ነው። ሮልፍ ዚንከርናግልና ፒተር ዶኸርቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካንቤራ ሲሠሩ፣ አንድን ቫይረስ የተላመዱት ቲ ሴሎች (ከሊምፎሳይቶች አንዱ ዓይነት) በዚያው ቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን የሚገድሉት፣ ሕዋሳቱ የቲሹ ዓይነታቸው ከራሳቸው ጋር ሲጋራ ብቻ መሆኑን አዩ። የሌላ ዝርያ አይጥ ሕዋስ አለመገደሉን «ሙከራው አልሠራም» ብለው አላለፉትም፤ ዝርያዎቹን እየለዋወጡ ፈተኑት እንጂ። ግኝቱ የ1996ን የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ብክለትን ከግኝት የሚለየው የተመራማሪው ጥሩ ስሜት ሳይሆን የማወዳደሪያ ናሙናው ነው፤ ስለዚህ ማወዳደሪያውን ከዋናው ሙከራ ጋር አብሮ ማቀድ እንጂ ገምጋሚ ሲጠይቅ መሮጥ ተገቢ አይደለም።

በስታቲስቲክስ በኩል በብዛት የማየው ስህተት አንድ ነው፦ ከአንድ አይጥ የተወሰደን ናሙና በሦስት ቦታ ለክቶ እንደ ሦስት አይጥ መቁጠር። ይህ ትርጉም የሌለውን ልዩነት ትርጉም ያለው ያስመስላል።

በመጨረሻም ብዙዎች የናሙና መዝገብን የጸሐፊ ሥራ አድርገው ይንቁታል። በ1959 በዛሬዋ ኪንሻሳ ከአንድ ሰው ተወስዶ የተቀመጠ ደም፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የኤችአይቪ ዘረመል ተገኘበት፤ በ1998 የታተመው ትንተናም ቫይረሱ በሰዎች መካከል መሰራጨት የጀመረበትን ጊዜ ለመገመት ረዳ። ያ ደም የተወሰደበት ዓመት ተመዝግቦ ባይቆይ ኖሮ፣ ዘረመሉ ብቻውን እንዲህ ላለው ስሌት መነሻ ሊሆን አይችልም ነበር።