የቤተሰብን የስኳር ታሪክ ለእርግዝና ክትትል እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚያወርደውን የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማሉ። ቆሽት ኢንሱሊን አብዝቶ ካመነጨ ስኳሩ በልኩ ይቆያል፤ ካቃተው ይጨምራል። ይህ የቆሽት አቅም በከፊል የሚወረስ ነው። ቲሲኤፍ7ኤል2 እና ኤምቲኤንአር1ቢን የመሳሰሉ ብዙ ዘረ መሎች ጥቂት ጥቂት ድርሻ ስላላቸው፣ ለአብዛኛዋ ነፍሰ ጡር ከውድ የዘረ መል ምርመራ ይልቅ ቤተሰብን በደንብ መጠየቅ ይጠቅማል።

1. እናት፣ አባት፣ እህትና ወንድምሽን መዝግቢ፤ ቀጥሎ አያቶችን፣ አክስትና አጎትን። የአባት ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አትርሺው።

2. «ስኳር አለባችሁ?» ብለሽ ብቻ አትለፊ። ተመርምረው የማያውቁ አዛውንቶች «የለብንም» ይላሉ። የማይድን የእግር ቁስል ወይም በዚያ ምክንያት የተቆረጠ እግር የነበረው ዘመድ እንዳለ ጠይቂ። እናትሽን ደግሞ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ወልዳ እንደሆነ ጠይቂያት። ስኳር ያለበት ካለ፣ በስንት ዓመቱ እንደታወቀና ኪኒን ወይም መርፌ እንደሚወስድ ጻፊ።

3. መስመሩን ተመልከቺ። ስኳሩ ከአያት ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ወርዶ፣ በተለይ ቀጫጭን ሰዎችን ከ25 ዓመት በፊት ከያዘ፣ አንድ ዘረ መል ብቻ የሚያመጣው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ለይተሽ ንገሪ። አንዱ ምሳሌ ጂሲኬ በተባለው ዘረ መል ላይ የሚገኝ ለውጥ ነው፤ የባዶ ሆድ ስኳርን ከልደት ጀምሮ በትንሹ ከፍ አድርጎ ያቆያል። ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ፅንሱ ካልወረሰው በእናቱ ስኳር ምክንያት ሊገዝፍ ይችላል። ከወረሰው ግን የእሱም ቆሽት ከፍ ያለውን ስኳር እንደ ልክ ስለሚቆጥረው፣ የእናቱን ስኳር በመድኃኒት አጥብቆ ማውረድ እድገቱን ሊቀንስ ይችላል። ሕክምናው የሚለያየው ለዚህ ነው፤ በራስሽ ግን መድኃኒት አትጀምሪ፣ አታቋርጪም።

4. ወረቀቱን በመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮ አሳዪ፤ ቀደም ብሎ መመርመር ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቂ።

5. ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ የሚደረገውን ምርመራ አድርጊ። በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው ወሰኑ፤ አንዱን ብቻ መድረስ ወይም ማለፍ የእርግዝና ስኳር ለመባል ይበቃል። በዘር የሌለባቸውም ይያዛሉና ዝርዝርሽ ባዶ ቢሆንም አትቅሪ።

6. ስኳር ከተገኘብሽ፣ ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰሽ ተመርመሪ። ለሕፃኑ ክትባት ቀጠሮ ስትሄጂ የራስሽንም አብረሽ ማስያዝ ይቀላል።