ጎንደር ላይ የተጣሉ ድመቶችን በአደራ አሳድጎ ለቋሚ ቤት ማብቃት

በአደራ የመጣች ድመት የእርስዎ አይደለችም። ከመጠለያም ትምጣ ከመንገድ ወይም ከእህል መጋዘን፣ ሥራው አሙቆ፣ መግቦ፣ አሳክሞና ከሰው አላምዶ ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው። ጡት ላልጣለ ግልገል ሁለት ወር ያህል፣ ሰው ለለመደች አዋቂ ድመት ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊበቃ ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ወደሚቀጥለው ቤት እንዲያደርሳት ሆኖ ይታሰብ።

1. ከማንሳትዎ በፊት እናትየዋን ይጠብቁ

ቆርቆሮ ሥር፣ ባላለቀ ግንባታ ውስጥ ወይም በገበያ ዳር ግልገሎች ካገኙ ወዲያው አይሰብስቧቸው። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ወጥታ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ቆሞ ካየችም አትመለስም። ራቅ ብለው ለጥቂት ሰዓታት ይከታተሉ። ጸጉራቸው ንጹሕ፣ ሆዳቸው ሞላ ያለ፣ ዝም ብለው የተኙ ከሆኑ እናት አላቸው ማለት ነው። በማዳበሪያ ታስረው ከተጣሉ፣ ዝናብ ከመታቸው፣ ጉንዳን ከወረራቸው ወይም ሲነኩ ከቀዘቀዙ ግን አይጠብቁ።

እናትየዋ ከተገኘች አብራ ትምጣ። የእሷን ጡት የሚተካ ጡጦ የለም። ለማጓጓዝ ጠንካራ ካርቶን በጎኑ ተበስቶ፣ በሲባጎ ታስሮና ጨርቅ ለብሶ ይበቃል። ባጃጅ ውስጥ ጨርቁን አይግለጡ፤ ብርሃንና ጩኸት ሲበዛባት ካርቶኑን ቀዳ ትወጣለች።

የማያውቋትን ድመት በባዶ እጅ አይያዙ፣ በወፍራም ፎጣ ይጠቅልሏት። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም መድኃኒት የለውም። ጸበል የሚሄድ ሰው ቢኖር እንኳ ክትባቱ መቅረት የለበትም። ድመቷን አይግደሏት፣ አይልቀቋትም፤ ተዘግታ 10 ቀን ትጠበቅ።

2. ክፍሏን ያዘጋጁ

ሰርቪስ ቤት ወይም የማይበዛበት መታጠቢያ ክፍል ይሆናል። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ ለሁለት ሳምንት አይገናኙ፤ ሳህኑም፣ ፎጣውም፣ የክፍሉ ጫማም ለብቻ ይሁን። ብዙ በሽታ መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ ጤነኛ የመሰለ ግልገል በአምስተኛው ቀን ሊወድቅ ይችላል።

ለመጸዳጃ ዝቅ ያለ ሳፋ ወስደው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ይሙሉ። ሰጋቱራ ከአናጺ ቤት በቀላሉ ይገኛል፤ ከቀለምና ከቫርኒሽ ንጹሕ መሆኑን ይጠይቁ። አመድ አይጠቀሙ፣ ይቦናል፣ ዓይንና ሳንባ ያስቆጣል። ዓይነ ምድሯን በየቀኑ ያንሱ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ከወጣ በኋላ ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ በየቀኑ የሚጸዳ ሳፋ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ትተው።

ለጽዳት መጀመሪያ ሳሙና፣ ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በውኃ ይለቅለቅ። ዴቶል አይጠቀሙ። በውስጡ ያለውን ኬሚካል የድመት ጉበት ማስወገድ አይችልም፤ ከእግሯ ስትልሰው ትመረዛለች።

3. ከወተት በፊት ሙቀት

ብዙ ግልገል የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ያገኘው ሰው አዝኖ ወተት ያጠጣዋል፣ ግን የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ አይሠራም፤ ወተቱ ውስጡ ይቆያል ወይም ወደ ሳንባው ይገባል። ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ። ከቀዘቀዘ ምንም አይስጡት፤ ደረትዎ ላይ ከልብስ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ያሙቁት። አንድ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ለማፋጠን ብሎ እሳት ዳር ማድረግ ይጎዳዋል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ክረምትም እርጥበት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ግልገሉ የተኛበት ቦታ ወደ 30 ዲግሪ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 27 ገደማ ሊሆን ይገባል። መብራት ስለሚጠፋ በኤሌክትሪክ ብቻ አይተማመኑ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙቅ ውኃ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ካርቶኑ አንድ ጎን ላይ ይቀመጥ። ሲሞቀው የሚሸሽበት ሌላ ጎን ይኑረው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ውኃውን ይለውጡ፤ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ራሱ ሙቀት ይወስዳል። ከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይገባም፣ ጭሱ ባይታይም ሰውንም ድመትንም ይገድላል።

4. እናት ለሌለው ግልገል ወተት

የሚሻለው ለድመት ግልገል ተብሎ የተሠራ ዱቄት ወተት ነው። የላም ወተት ብቻውን ፕሮቲንና ስቡ ለድመት ያንሳል፣ ስኳሩም ያስቀምጠዋል። የሕፃን ዱቄት ወተትም አይተካውም። ዱቄቱ እስኪገኝ ለአንድ ሁለት ቀን የሚከተለው ያሻግራል፦ አንድ ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር ገደማ) ፈልቶ የበረደ፣ ቅባቱ ያልተገፈፈ ወተት፣ 2 የእንቁላል አስኳል፣ 1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት። በደንብ ተመትቶ በጨርቅ ይጠለል። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ይድፉ።

ከፋርማሲ መርፌው የወጣለት የ1 ወይም የ3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙ። ወተቱ ክንድ ላይ ሲንጠባጠብ ለብ ያለ ይሁን። ግልገሉ በሆዱ ይተኛ፣ ከእናቱ ሲጠባ እንደሚተኛው፤ እንደ ሕፃን በጀርባው ከተያዘ ወተቱ ሳንባው ይገባል። በጠብታ ይስጡ፣ እሱ ሲውጥ ይጠብቁ። በአፍንጫው ወተት ከወጣ ወዲያው ያቁሙና አናቱን ዝቅ አድርገው ይጥረጉት፤ ቀጥሎ ትንፋሹ ካርካር ካለ ሐኪም ጋ ይወሰድ።

መጠኑ በክብደት ነው። ለእያንዳንዱ 100 ግራም በቀን ወደ 20 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ከ4 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ። አንደኛ ሳምንት በየ2 እስከ 3 ሰዓት ሌሊትም ጭምር፣ ሁለተኛ ሳምንት በየ3 እስከ 4፣ ከዚያ በየ4 እስከ 6 ሰዓት። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በሙቅ ውኃ በተነከረ ጥጥ ከጅራቱ ሥር በቀስታ ያሻሹት። እናቱ በምላሷ የምታደርገው ይህን ነው፤ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ያለዚህ መሽናት አይችልም።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑት፣ ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ነው፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል፣ በወሩ 450 ግራም አካባቢ ይደርሳል። አንድ ቀን ሳይጨምር ከቀረ ምግቡንና ሙቀቱን ይመርምሩ፤ ከቀነሰ ግን ነገ አይባልም።

5. ጡት ሲጥል፣ እና የጾሙ ጉዳይ

በአራተኛው ሳምንት ወተቱን ከተፈጨ የበሰለ ሥጋ ጋር አላቁጠው በጠፍጣፋ ሳህን ያቅርቡ። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፣ ሲጎድል ልቧና ዓይኗ ይታመማል። እንጀራ በሽሮ ሆዷን ይሞላ እንደሆነ እንጂ አይመግባትም። ወጥ ደግሞ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ነው የሚሠራው፣ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የዶሮ ወጥ ትራፊ ከነበሰለው አጥንቱ ሁለት አደጋ በአንድ ሳህን ነው።

ልብ፣ ሳንባና ርካሽ ቁርጥራጭ ሥጋ ከሉካንዳ ይግዙ፤ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ይቀቅሉ፣ ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁንም ይስጡ። ልብ ከሁሉ ይበልጣል። ጉበት በሳምንት አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ፣ ከበዛ ቫይታሚን ኤው አጥንት ይጎዳል። ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም ስለሌለው ለግማሽ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ታጥቦ ደርቆ እንደ ዱቄት የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩ፤ ያለዚያ የሚያድግ ግልገል እግሩ ይጎብጣል። ለ3 ኪሎ ድመት በቀን 150 ግራም ያህል የበሰለ ሥጋ ይበቃል። የሁለት ወር ግልገል በቀን አራት ጊዜ ይብላ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሥጋ አይበስልም፣ ብዙ ሉካንዳም ይዘጋል። ጾሙ የሰው ነው፤ ለድመቷ ቀድመው ያስቡላት። ከሙስሊም ሉካንዳ፣ ከእንቁላል፣ ከጣና ከሚመጣ ዓሣ ይሞላል። ዓሣው ይቀቀል፣ እሾሁም ይልቀም። በቅበላ ገዝቶ ፍሪጅ ማጨቁ መብራት ሲጠፋ ዋጋ ያስከፍላል፤ በሁለት በሦስት ቀን መግዛት ይሻላል።

6. ቁንጫ፣ ትላትል፣ ክትባት

ቁንጫ ትንሽ ግልገልን ደሙን ጨርሶ ይገድለዋል። ድዱ ከነጣ ወዲያው ሐኪም ያስፈልገዋል። በቅማል ማበጠሪያ ያበጥሩት፣ ማበጠሪያውን በሳሙና ውኃ ይንከሩ። ከአራት ሳምንት በላይ የሆነውን ለብ ባለ ውኃና በሳህን ሳሙና ማጠብ ይቻላል፤ መጀመሪያ አንገቱን፣ ቁንጫው ወደ ፊቱ እንዳይሸሽ። ወዲያው በፎጣና በፀሐይ ይድረቅ። ማላታይን፣ የከብት መርጫ፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት አይነካው። ፓራሲታሞልም እንዲሁ፤ አንድ ክኒን አዋቂ ድመት ይገድላል።

ሆዱ የተነፋ፣ ጀርባው የከሳ ግልገል ወስፋት ይኖርበታል። መድኃኒቱ ከሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፣ መጠኑን ሐኪም በክብደት ይወስናል። ከጅራቱ ሥር ሩዝ የመሰለ ነገር ካዩ ከቁንጫ የሚመጣ ኮሶ ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ ስለሆነ ያዩትን ይንገሩ። ጸጉሩ በክብ ከተመለጠ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ ልጆች አይቀፉት።

ለሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና በከተማው የእንስሳት ክሊኒኮች ይጠይቁ። ባለሙያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በከብትና በበግ ስለሚጠመዱ አስቀድሞ ጠይቆ መሄድ ይሻላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። ሴቷ በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናውም ሁለት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ማምከንን ከአሁኑ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

7. ሰው ያላምዷት

ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ያለው ዕድሜ ወርቅ ነው። በየቀኑ ይንኩት፣ ያቅፉት፤ ሴት፣ ወንድና ልጅ ይልመድ፤ ሬዲዮም ይስማ። ለፈራች አዋቂ ድመት ግን ተቃራኒው ይሠራል፦ ወለል ላይ ተቀምጠው ዝም ይበሉ፣ ዓይኗን አትኩረው አይዩ፣ ምግቡን በየቀኑ ጥቂት ወደ ራስዎ ያስጠጉት።

8. ቤት መፈለግ

ከስምንት ሳምንት በፊት አያስረክቡ። በወሩ የተሰጠ ግልገል መብላት ሳይችል ይሄዳል፣ የመንከስንና የመቧጨርን ልክ የሚያስተምሩትም እናቱና ወንድሞቹ ናቸው።

መጀመሪያ የሚጠየቁት “ወንድ ነው ሴት?” ነው፤ በስህተት ወንድ ተብላ የተሰጠች ሴት በመውለጃዋ ትጣላለች። ጅራቱን ቀና አድርገው ይዩ፦ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በወንዱ ሰፋ ይላል፣ የታችኛውም እንደ ነጥብ ክብ ነው፤ በሴቷ ተቀራርበው የታችኛው ስንጥቅ ይመስላል።

ፎቶውን ቀን ላይ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ከዓይኗ ትይዩ ያንሱ። በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲለጥፉ ዕድሜዋን፣ ጾታዋን፣ የወሰደችውን ክትባትና ጠባይዋን በግልጽ ይጻፉ፤ ፈሪ ከሆነች ፈሪ ይበሉ። በእድርና በማኅበር ላይ መናገርም ብዙ ቤት ይከፍታል። ወፍጮ ቤትና የእህል ነጋዴ አይጥ የምትይዝ ድመት ይፈልጋሉ፤ ለቤት ውስጥ የማትመች ነጻ አዋቂ ድመት እዚያ ደስ ይላታል። ግን አንድ ነገር ያጣሩ፦ የአይጥ መርዝ ይጠቀማሉ? መርዝም ድመትም እፈልጋለሁ ለሚል ሰው አይስጡ፤ የተመረዘውን አይጥ በልታ ትሞታለች።

ሌሎቹም ጥያቄዎች አያሳፍሩም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ያውቃል ወይ? ግቢው ውስጥ የተፈታ ውሻ አለ ወይ? በጾም ምን ትበላለች? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ትምህርት ሲዘጋ ማን ጋር ትቆያለች? መልስ ለሌለው ደግ ልብ ብቻ በቂ አይደለም፣ እምቢ ማለት የአደራው ክፍል ነው። ገበያ ላይ ለማያውቁት ሰው ከካርቶን አውጥቶ ማደልን አንደግፍም።

9. ርክክብ

የሚወስደውን ሰው ቤት ሄደው ይዩ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የክትባት ቀን፣ የምትበላው፣ ሴት ከሆነች የምትመክንበት ወር ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የለመደችው ጨርቅና ጥቂት የተጠቀመችበት ሰጋቱራ አብሮ ይሂድ፣ ሽታው ያረጋጋታል።

አዲሱ ባለቤት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ለሦስት ሳምንት ደግሞ ከቤት ሳያስወጣ ያቆያት፤ ቶሎ ከተለቀቀች የድሮ ሰፈሯን ፍለጋ ትሄዳለች፣ መንገድም ያጠፋታል። ከከተራ (ጥር 10) እስከ ቃና ዘገሊላ (ጥር 12) ባለው ሰሞን አያስረክቡ። ጎንደር በእንግዳ ይሞላል፣ በር ሲከፈት ይውላል፣ የደነገጠች ድመት ታመልጣለች። በዓሉ ካለፈ በኋላ ይሁን።

በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ይደውሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላች አዋቂ ድመት ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም እንዲያያት ይንገሯቸው። ካልተስማማች ያለ ወቀሳ መልሰው ይቀበሏት፤ ሰው መመለስ ካፈረ መንገድ ላይ ይጥላታል።

ክፍሉ ሲለቀቅ ካርቶኑንና ጨርቁን ያቃጥሉ፣ ወለሉን በሳሙናና በበረኪናው ውኃ ይጠቡ። ከነበሩት ውስጥ ማስታወክና ተቅማጥ ይዞት በድንገት የሞተ ግልገል ካለ ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት በሽታ ቫይረስ ክፍሉ ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላልና፣ እስከዚያ ያልተከተበ ግልገል አያስገቡበት።